ዘጠኝ ዓመት የደረቀ እንጨት

«አባባ ሳይሰሙ እንጨርሰው» ሲል የሰማሁት የሩዙን ድስት ክዳን ስከፍት ነው። ባሌ ኖሪዩኪ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ኦሳካ ካለችው እህቱ ጋር በስልክ ያወራል። በሹክሹክታ ያወራ መስሎታል። የእኛ ቤት ግን መቶ ዓመት ያለፈው የእንጨት ቤት ነው፤ ክፍሉን ከክፍል የሚለየው ወረቀት የተለጠፈበት ተንሸራታች በር ብቻ ነው፤ አንዱ ወዲያ ማዶ ሲያዛጋ ሌላው ወዲህ ማዶ አፉን ይከፍታል። ግድግዳ ጆሮ አለው ይባላል፤ እኛ ጋ ጆሮ እንጂ ግድግዳውስ የለም። ከዚያ በር ጀርባ ደግሞ የሚተኙት አማቴ ናቸው፣ አባባ ኪሳቡሮ፣ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው። ማሳውን በሙሉ፣ ሰባቱንም ቁራሽ፣ ለመንደሩ የገበሬዎች ማኅበር ለአሥር ዓመት ሊያስረክቡባቸው ነው። ወረቀቱ ተዘጋጅቷል፤ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የማኅበሩ ሰው ይዞት ይመጣል። የጎደለው እንደ ፊርማ የሚቆጠረው የአባባ ማኅተም ብቻ ነው።

ስልኩን ዘግቶ ወጥ ቤት ገባና ሾርባውን ቆሞ ጠጣ። ከዚያ ዓይኑን ከሳህኑ ላይ ሳያነሳ፣ አባባ ወደ ማሳ ሲወጡ ማኅተሙን ከመሳቢያው አውጥቼ እንድይዝለት ነገረኝ። ለምን ራሱ እንደማያወጣው ጠየቅኩት። ማኅተሙ ያለው በሟች እናቱ ፎቶ ስር፣ በቤቱ መሠዊያ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ «እኔ እዚያ ስነካካ ካዩኝ ይገባቸዋል፣ አንቺ ግን ሁልጊዜ አበባ ትለውጫለሽ» አለ። እንዲህ ያለውን ነገር ሲያስብ ጎበዝ ነው፤ አባቱን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ግን ተራራ ይሆንበታል። በሁለቱ መካከል ያለው ወግ በዓመት ሁለት ነው፤ በክረምት «በረዶው በዛ» ይላል አንዱ፣ «በዛ» ይላል ሌላው፤ በበጋ ደግሞ ሙቀቱ።

ክፉ ሰው ነው ብዬ እንዳላሳማው። በመጋቢት አባባ የመስኖ ቦዩን ሊያጸዱ ወጥተው ተንሸራተው ወደቁ። የቀለጠ በረዶ ውሃ ውስጥ እስከ ወገባቸው ሆነው ስንት ደቂቃ እንደቆዩ አይታወቅም። ያገኛቸው ኖሪዩኪ ነው፤ ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኖ፣ በጀርባው አዝሎ ቤት አመጣቸው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። እሱ የሚሠራው የመስኮት ክፈፍ ፋብሪካ ነው፤ በምሳ ሰዓቱ ሦስት ጊዜ ይደውልልኛል፤ «አባባ የት ናቸው?» እኔ የት አውቄ! እኔ ሥራዬ ላይ፣ እንጨት እያሽከረከረ በሚያስጠርበው ቶርኖ ላይ ነኝ፣ አፍና አፍንጫዬ በሰጋቱራ ተሞልቶ። በዚህ አገር ሁሉም ሰው ግማሽ ገበሬ ነው። አምስት ቀን ፋብሪካ፣ ቅዳሜና እሁድ ጭቃ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል እንዲሉ ነው ነገሩ፤ ሁለቱም ባላ ትከሻ ላይ ሲወድቅ ምን እንደሚደረግ ግን የተናገረ የለም።

አባባ የትንሿን የጭነት መኪና ሞተር አስነስተው ሲወጡ ሰማሁ። መሠዊያውን ከፈትኩ። እማማ ፉሚኤ በፎቷቸው ውስጥ እንደወትሮው ፈገግ ብለው ያዩኛል፤ አበባ እንደምለውጥ ሆኜ መሳቢያውን ሳብኩ። ማኅተሙ ከትንሽ ጣቴ አይበልጥም፣ ከጥቁር ቀንድ የተሠራ ነው፣ ከአባባ ጣት መነካካት ብዛት ወገቡ ለስልሷል። ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ ቤት ኖሬ እንዲህ የከበደኝ ነገር የለም፤ የሠርጌ ቀን እንኳ።

ከዚያ ወደ ጎተራው ሮጥኩ፣ ምክንያቱም ያን ዕለት ጠዋት ሌላ ጣጣም ነበረብኝ። የምሠራበት ወርክሾፕ የቤዝቦል ዱላ ነው የሚሠራው። በምንኖርበት በፉኩሚጹ ዱላ የጠረበ ሰው የሌለበት ቤት የለም ቢባል ማጋነን አይደለም። አሠሪዬ ጋሽ ሃታ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ለዱላ ተወዳዳሪ የሌለው አሥራ ሁለት የአኦዳሞ እንጨት አምነው ሰጥተውኝ ነበር፣ በእኛ ጎተራ እንዲደርቁ፤ የጎተራው ግድግዳ ወፍራም ጭቃ ነው፣ በጋ አያሞቀውም፣ ክረምት አያረጥበውም። አኦዳሞ ዛሬ ከጫካ አይቆረጥም፣ አልቋል። ካሉን ውስጥ ሁለቱ ከአንድ ግንድ ጎን ለጎን የተሰነጠቁ መንታ ነበሩ። አንዱን ባለፈው ሳምንት ጠርቤ ለኩራሞቶ ዱላ ሠርቼለታለሁ። ኩራሞቶ የሠላሳ ሰባት ዓመት ቤዝቦል ተጫዋች ነው፣ ጉልበቱ ተቀዶ ዘንድሮ ነው የተመለሰው፣ ከአሥር ዓመት በላይ የእኔን እጅ ሥራ ነው የሚይዘው። መንታውን ዛሬ ጠርቤ በአሥራ አንድ ሰዓት የዕቃ መኪና ላይ መጫን አለብኝ። ጎተራ ገብቼ ስቆጥር ግን አራት መሆን የነበረባቸው ሦስት ናቸው። መንታው፣ ቀጥ ያለው፣ ጫፉ ላይ በእርሳስ ቀኑ የተጻፈበት፣ የለም። ደርዘን ቦታ ፈለግኩ። ማኅተም እየሰረቅኩ እንጨት ተሰረቅኩ ብዬ በራሴ ሳቅኩ። ምናልባት ባለፈው ሳምንት ከመጀመሪያው ጋር አብሬ ወስጄው ይሆናል ብዬ ራሴን አታልዬ መኪናዬን አስነሳሁ።

ወርክሾፑ ውስጥም የለም። ለጋሽ ሃታ ወዲያው መንገር ነበረብኝ፤ አልነገርኩም፤ ማታ የሚያስጨንቀኝ አልበቃ ብሎ ጠዋቱን በወቀሳ ልጀምር? ቶርኖውን አስነሳሁና የትምህርት ቤቶቹን ዱላ መጥረብ ያዝኩ። በዚህ ወቅት ሥራ እንደ ጎርፍ ነው፤ የውድድር ዘመን ገብቷል፣ ከሰሜን ጫፍ እስከ ደቡብ ያለው ሁሉ ዱላ ሰብሮ ዱላ ይፈልጋል። አንዱ ዱላ ሱቅ ውስጥ በሃያ ሁለት ሺህ የን ይሸጣል፤ አንድ ያልታደለ ኳስ መትቶ ለሁለት ይሰብረዋል። መሮውን እንጨቱ ላይ ሳሳርፍ ክርክሩ ሁሉ ከጭንቅላቴ ይወጣል፤ ያን ዕለት ግን አልወጣም። ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ማኅተሙ ጭኔን ይወጋኛል። ወደ አራት ሰዓት ገደማ፣ ስድስተኛውን ዱላ ሚዛን ላይ አስቀምጬ ቁጥሩ እስኪቆም ስጠብቅ፣ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ጎተራው ውስጥ የሌለው እንጨቱ ብቻ አይደለም። ትልቁ የእንጨት መዶሻም ከሚስማሩ ላይ የለም።

ዛሬ የውሃ ተራችን ነው። የመንደሩ ቦይ በተራ ነው የሚከፈተው፤ ዛሬ ማሳው ውሃ ካልጠገበ ነገ የአባባ የአጎት ልጅ በትራክተር ጭቃውን ሊያላላው አይችልም፤ ጭቃው ካልላላ በመጪው የበዓል ሳምንት፣ ሁሉም ከፋብሪካ ፈቃድ በሚያገኝበት፣ የሩዙ ችግኝ አይተከልም። ለዚህ ደግሞ የውሃው መግቢያ ላይ ሳንቃ ይደረጋል፣ ሳንቃውን ደግፎ የሚይዝ ካስማ በመዶሻ ይተከላል። በየዓመቱ አባባ ካስማ የሚያደርጉት እኔ ከሥራ የማመጣውን የተበላሸ ዱላ ነው። በእኛ መንደር የተበላሸ ዱላ የማይገባበት የለም፤ ቲማቲም ይደገፍበታል፣ በር ይቀረቀርበታል፣ ጎረቤታችን ለሚሶ ሾርባ የሚሆን አኩሪ አተር ትወቅጥበታለች።

ስድስት ሰዓት ሲሆን የሩዝ ድብልብሌን እንኳ ሳልፈታ ወደ ማሳው ነዳሁ። ተራራው ላይ በረዶው ገና አለ፤ እታች ግን ፀሐዩ ለስላሳ ነው። አባባ በታችኛው ማሳ ጥግ፣ እስከ ጉልበታቸው የሚደርሰውን የጎማ ቦት ተጫምተው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል። ውሃው በሳንቃው አናት ላይ ቀስ ብሎ ይገባል። ሳንቃውን ቀጥ አድርጎ የያዘው የኩራሞቶ እንጨት ነው። ግማሹ ጭቃ ውስጥ ነው፣ ግማሹ ውሃ ውስጥ፤ በእርሳስ የተጻፈበት ጫፉ ብቻ ነው ከላይ የቀረው፣ እሱም መዶሻ አርፎበታል። ዘጠኝ ዓመት ውሃ ሳይነካው የኖረ እንጨት! እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ነው የደረስኩት።

«አባባ፣ ይሄ ምን እንደሆነ ያውቃሉ?»

ውሃውን እንጂ እኔን አላዩም። «አውቃለሁ። ከግራ ሦስተኛው ነው። ከሁሉም ቀጥ ያለው።»

«ታዲያ ጎተራው በር ላይ ያ ሁሉ የተበላሸ ዱላ ተከምሮ?»

«ዱላ ክብ ነው፣ ሳንቃውን አያጠብቅም። በየዓመቱ ያፈስብኛል፣ በየዓመቱ ዝም እላለሁ» አሉ። ሳንቃውን በእግራቸው ነካ አድርገው «የመጨረሻዬን ውሃ እንኳ ሳያፈስ ላስገባው ብዬ ነው» አሉ።

ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። ሰምተዋል እንዴ ብዬ ልጠይቅ አስቤ፣ ጥያቄው ራሱ አሳፈረኝ። እሳቸው ግን ያልጠየቅኩትን መለሱልኝ፤ «በሩ ወረቀት ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

ከዚያ ድንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ምሳዬን ፈትቼ አንዱን የሩዝ ድብልብል ሰጠኋቸው፤ ውስጡ ኮምጣጣ ፕለም ያለበትን መረጡ፣ እኔ የምወደውን። እየበሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለውሃው የሚያወሩ ይመስል፣ ስለ እንጨቶቹ ነገሩኝ። እንጨቶቹን ያመጣሁት እማማ ፉሚኤ በሞቱበት መከር ነው። እማማ ከመሞታቸው በፊት ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ነበሩ፤ ጀርባቸው እንዳይቆስል አባባ በየሁለት ሰዓቱ ያገላብጧቸው ነበር፣ ቀንም ሌሊትም፤ ይህን አውቃለሁ፣ አይቻለሁ። ያላወቅኩት የሚከተለውን ነው። እማማ ከተቀበሩ በኋላ የአባባ እጅ በየሁለት ሰዓቱ ይነቃባቸው ነበር። ጎተራ ሲገቡ እንጨቶቹ ተደርድረው ተኝተዋል። እንጨት በአንድ ጎኑ ከቆየ ይጣመማል። በየወሩ በመጀመሪያው ቀን አንድ በአንድ ሲያገላብጧቸው ኖሩ፤ ዘጠኝ ዓመት፣ አንድም ወር ሳይዘሉ። «ሌላ የማገላብጠው ነገር አልነበረኝማ» አሉ።

እኔ ደግሞ ጋሽ ሃታ «ያንቺ ጎተራ እንጨት እንደ ክር ነው የሚቃናው» ባሉኝ ቁጥር የጎተራው ጭቃ ነው እያልኩ እኮራ ነበር። አንጀቴን በሉት። እንጨቱን ልንቀለው አልኳቸው፤ ማሳው ሳይጠግብ አይነቀልም፣ ማታ ራሴ እነቅለዋለሁ አሉ። ማኅተሙ ኪሴ ውስጥ ነበር። እዚያው አውጥቼ ልሰጣቸው ይገባኝ ነበር። እጄን ሁለት ጊዜ ወደ ኪሴ ሰደድኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ መሀረቤን ይዤ ወጣሁ። ባሌን ፈርቼ አይደለም። ከወለዱት ልጅ በላይ ያመኑኝን ሰው ማኅተም በኪሴ ይዤ ስዞር መዋሌን ከአፌ ማውጣት ስላቃተኝ ነው።

ተመልሼ ለጋሽ ሃታ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ስለ ማኅተሙ ካልሆነ በቀር። ጋሽ ሃታ ከአባባ ጋር አንድ ክፍል የተማሩ፣ ጣታቸው አንድ የጎደለ ሽማግሌ ናቸው፤ ይጮሁብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ያ ሰውዬ በልጅነቱም የአስተማሪውን ጃንጥላ ወስዶ የዓሣ መያዣ አድርጎት ነበር አሉኝ። ከቀሩት ሦስት እንጨቶች አንዱን እንዳመጣ ላኩኝ፤ መንታው እንዳልሆነ ግን ለኩራሞቶ ጽፈው እንደሚልኩለት ነገሩኝ። ስንት ዓመት የሠራ እጅ አይታለልም፣ ሳይነግሩት ቢቀሩም ያውቀዋል፤ ስለዚህ ከእኛ ቢሰማው ይሻላል አሉ። ከእኛ ቢሰማው የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። አመጣሁና ጠረብኩት። ጥሩ እንጨት ነው፣ ግን ትንሽ ግትር ነው፤ ሚዛኑ ላይ ዘጠኝ መቶ ሦስት አለ፣ ኩራሞቶ የሚፈልገው ዘጠኝ መቶ ነው። ሦስቱን ግራም በብርጭቆ ወረቀት ለማውረድ አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። ስጨርስ ላብ ልጠርግ መሀረቤን ሳብኩ፤ ማኅተሙ ተከትሎ ወጣና ሰጋቱራው ውስጥ ወደቀ።

ጋሽ ሃታ ጎንበስ ብለው አነሱት። ታችኛውን ፊቱን ወደ መብራቱ አዙረው ስሙን አነበቡ። እኔ የወለሉን ሰጋቱራ እቆጥራለሁ። ምን ሊሠራ ኪስሽ ገባ ብለው አልጠየቁም። እፍ ብለውበት፣ በሁለት እጃቸው አድርገው መለሱልኝና «ለባለቤቱ አድርሺ» አሉ። ከዚያ ወደ ቫርኒሻቸው ተመለሱ። የዕቃ መኪናው በሰዓቱ መጣ፣ ዱላዎቹም ሄዱ።

ቤት ስደርስ የማኅበሩ ሰው ቀድሞኝ ተቀምጧል። ዮኮዳ ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ አንድ ሳጥን የባቄላ ጣፋጭ ይዞ መጥቷል። ወረቀቶቹ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል፤ ማኅተም የሚያርፍበት ቦታ ሁሉ በእርሳስ ክብ ተሠርቶበታል። ሰባት ክብ። ኖሪዩኪ የሥራ ልብሱን ሳይለውጥ ተንበርክኮ ተቀምጧል፤ አባባ እስከ ጨለማ ድረስ ማሳ ላይ ይቆያሉ ብሎ ነበር ያሰበው። እኔ ሻይ ቀድቼ ስገባ የትንሿ መኪና ድምፅ መጣ። ኖሪዩኪ እኔን አየኝ። አባባ ውጪ ባለው ቧንቧ እግራቸውን ሲታጠቡ ይሰማል፣ ሳይቸኩሉ፣ አንዱን እግር፣ ከዚያ ሌላውን። ከዚያ ገቡ። ኖሪዩኪ ደክመዋል፣ ገላዎን ይታጠቡ፣ ውሃው ሞቋል አላቸው። በዓመት ከሚያወሩት ሁሉ የረዘመው ይሄ ይመስለኛል። አባባ ግን የጠረጴዛው ራስ ላይ፣ ሁልጊዜ ከሚቀመጡበት ተቀመጡና ለእንግዳው አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ።

ዮኮዳ ሻዩን ጠጣ፤ ትኩስ ነበር መሰለኝ ዓይኑ አለቀሰ። ኖሪዩኪ በጠረጴዛው ስር እጁን ዘረጋልኝ፣ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ። እጁን አየሁት። የምወደው እጅ ነው፤ አባቱን ከቦይ ያወጣ እጅ ነው። ማኅተሙን አወጣሁና በዚያ እጅ ላይ ሳይሆን አባባ ፊት፣ ጠረጴዛው ላይ አቆምኩት።

የባሌ ጆሮ ቀላ። አባባ ማኅተሙን አንስተው ፊቱን አዩት። የተቀረጸው ስም ውስጥ ሰጋቱራ ገብቷል። የጥርስ መጎርጎሪያ አምጪልኝ አሉ። አመጣሁ። የስማቸውን ፊደል እያንዳንዱን ጭረት፣ አንድ በአንድ፣ እንደ ዓሣ አጥንት አጸዱ። የግድግዳው ሰዓት ይሰማ ነበር፤ ያ ሰዓት ድምፅ እንዳለው ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ሲጨርሱ ማኅተሙን ሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ አስገቡትና ለዮኮዳ ተናገሩ፤ «ችግኙ ስንዝር ሞልቷል። በሁለት መቶ ሳህን ነው ያፈላሁት። ያሳደግኩትን ልትከለው፣ የተከልኩትን ልጨደው። ሩዙ ጎተራ ሲገባ ና፤ በገዛ እጄ ሰባቱንም አትምልሃለሁ።» ዮኮዳ ምንም ችግር የለም፣ እንዲያውም ለማኅበሩም መከር ይሻላል አለ፤ እውነቱን ይሁን ለጨዋነት አላውቅም። ወረቀቶቹን ሰብስቦ፣ ጣፋጩን ትቶልን ወጣ።

ሦስታችን ቀረን። አባባ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ልትጠይቀኝ ትችል ነበር» አሉት። «እምቢ እልህ ነበር። ግን ትጠይቀኝ ነበር።»

ኖሪዩኪ አንገቱን ደፋ። ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ጸጉሩ መሸሽ ጀምሯል። ከዚያ «ያኔ ቦዩ ውስጥ ሳገኝዎት የሞቱ መስሎኝ ነበር» አለ። «ሌላ ጊዜ እንደዚያ እንዳላገኝዎት ብዬ ነው። ሌላ ምንም የለውም።»

«አውቃለሁ» አሉ አባባ። «አዝለኸኝ ስትሮጥ እሰማህ ነበር። አባዬ አባዬ ትል ነበር። ከአምስት ዓመትህ ወዲህ እንዲያ ብለኸኝ አታውቅም።»

እኔ ሻዩን ላነሳ ብዬ ተነሳሁ፣ ግን ሻዩን አላነሳሁም፤ ወጥ ቤት ገብቼ ቧንቧ ከፍቼ አለቀስኩ። ስመለስ ኖሪዩኪ ከነገ ጀምሮ ጠዋት ከፋብሪካ በፊት ውሃውን አብሯቸው እንደሚያይ እየነገራቸው ነበር፤ በተከላው ቀን ደግሞ ፈቃድ ይወስዳል። አባባ ከመቼ ወዲህ ነው አንተ ከእኔ ቀድመህ የነቃኸው፣ ቦዩ ውስጥ የምትወድቀው አንተ ትሆናለህ፣ እኔ ደግሞ አዝዬህ መሮጥ አልችልም አሉት። ኖሪዩኪ ሳቀ። ከዚያ ለእህቱ ደወለ፤ በዚህኛው ስልክ አልተንሾካሾከም።

እራት ሳይቀርብ አባባ ጎተራ ጠሩኝ። ትንሿ አምፖል በርታለች። እንጨቱን ነቅለው፣ በቧንቧ አጥበው፣ በጨርቅ አድርቀው፣ በቦታው አስቀምጠውታል፤ ከግራ ሦስተኛው ላይ። ግማሹ ጠቁሯል። ውሃ የነካው እንጨት እንደ አዲስ ነው የሚቆጠረው፤ በወርክሾፕም ሕጉ ይኸው ነው፣ የድሮው ቀን ይሰረዝና አዲስ ቀን ይጻፍበታል። «ለዚያ ኳስ ተጫዋች ንገሪው» አሉኝ፣ «ላይ ላዩን ብቻ ነው የረጠበው፤ ለከርሞ በዚህ ጊዜ ይደርስለታል። አገላብጥለታለሁ።» ከጆሮዬ ጀርባ እርሳሴን አውጥቼ ጫፉን ወደ መብራቱ አዞርኩ። መዶሻው ያረፈበት ላይ ጸጉር የሚያህል ስንጥቅ ወደ ውስጥ ገብቷል። ስንጥቅ ያለበት እንጨት ደግሞ ዱላ እንደማይሆን እንኳን እኔ፣ የሰፈሩ ድመት ያውቃል። ምን ልበላቸው? በዚያ ምሽት ይህን ለመናገር ሆዴ አልቻለም። አውራ ጣቴን ስንጥቁ ላይ አድርጌ የድሮውን ቀን መሰረዝ ጀመርኩ።

«ጣትሽን አንሺ» አሉኝ። «አይቼዋለሁ። እንጨቱን እኮ ከዱላው ስንዝር አስረዝመው የሚቆርጡት ለዚህ ነው። አናቱን ትቆርጪዋለሽ።»

ጣቴን አነሳሁ። ስንጥቁን በስንዝሬ ለካሁት፤ ከግማሽ አያልፍም። ኖሪዩኪ እራት ቀረበ ብሎ ሊጠራን መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። እርሳሱን ሰጠሁት፤ አባቱ ቀኑን ነገሩት፣ እሱ ጻፈ፤ ሚያዝያ ሃያ ስምንት። ከስሩ ደግሞ አባባ አንድ ቃል እንዲጨምርበት ጠየቁት፤ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ሁለታቸው አብረው እንዲያገላብጡት። ጻፈው። ከዚያ መብራቱን አጥፍተን እራት ልንበላ ገባን።